ተሸናፊ ይነሳል፦ ከሕንጣሎው ሰንጠረዥ እስከ መቐለ ጌም ቤት

ሰሞኑን የአንዳችን የአክስት ልጅ፣ አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ፣ ስልኩን ይዞ መጣና «ጥሩ ጌም ንገሩኝ፤ በእናንተ ጊዜ የነበረውን ሳይሆን አሁን ያለውን» አለን። መጨረሻ ላይ የጨመራትን ቢተዋት ምን ነበረበት! ሓወልቲ አካባቢ አራት ሆነን ቡና እየጠጣን ነበር። አንዳችን ስለ ኳስ፣ አንዳችን ስለ መኪና፣ አንዳችን ስለ ሳን አንድሪያስ ማውራት ጀመርን፤ አራተኛችን «ጌም ድሮ ቀረ» ብሎ ዘጋው። ልጁ ሰልችቶት ሄደ። ክርክሩ ግን እስኪመሽ ቀጠለ።

የደረስንበት መደምደሚያ ትንሽ ያሳፍራል። በልጅነታችን ማናችንም አንድም ጌም ራሳችን መርጠን አናውቅም። ይመርጥልን የነበረው አግዳሚ ወንበሩ ነው፤ ማለትም አጠገባችን የተቀመጠው፣ ከኋላችን የቆመውና ተራውን የሚጠብቀው ሰው። ይህን ለማስረዳት፣ አንባቢ ይቅር ይበለንና፣ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

መቐለ ገና የመንግሥት መቀመጫ ሳትሆን በፊት የእንደርታ የሥልጣን መንበር ከዚህ በስተደቡብ ባሉት በሕንጣሎና በጨለቆት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1816 እስካረፉ ድረስ ትግራይን ይገዙ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ፣ እ.ኤ.አ. በ1805 ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ መልእክተኛ እዚያ ተቀበሉ። ሶልት ስለ ንግዱና ስለ ጦሩ ብዙ ጽፏል፤ ያንን የታሪክ ምሁራን ይጨቃጨቁበት። እኛን የማረከን ስለ ሰንጠረዡ የጻፈው ነው። ራስ ሰንጠረዥ አጥብቀው ይወዱ ነበር። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሸካራ ነበሩ። የባላጋራ ጠጠር ሲበላ ቀስ ተብሎ አይነሳም፤ በኃይል ተመትቶ ከቦታው ይፈነጠራል። ጩኸቱ ደግሞ ሌላ ነው። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ፣ ባሪያው ሳይቀር፣ አስተያየት የመስጠት እኩል መብት ነበረው። ወደ ሰሌዳው ተንደርድሮ ይመጣና ጠጠሮቹን እያነሳ «እንዲህ ነበር መጫወት!» ብሎ ያሳያል። ሶልት አንድ ነገር ግን አላመለጠውም፤ በመጨረሻ ራስ እንዲያሸንፉ ሁሌም ይደረግ ነበር። (ከጌም ቤት ባለቤት ልጅ ጋር ተጫውታችሁ የምታውቁ፣ ይህ በደንብ ይገባችኋል።)

በነገራችን ላይ የአገራችን ሰንጠረዥ አጀማመሩ ከፈረንጁ ቼዝ ይለያል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደፈጠነ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ያለ ተራ በቀጥታ የሚካሄድ የጦርነት ጌም የሚጫወት ልጅ ቢያየው ግር አይለውም። ማሸነፍ ብቻውንም አይበቃም ነበር፤ በምን አሸነፍክ ይባላል። ንጉሡን በፈረስ መግደል እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር፣ በደካሞቹ ጠጠሮች አስጨንቆ መግደል ግን ያስመሰግናል። ይህቺን ነጥብ ያዙልን፤ ወደ አድሪያኖ ስንደርስ እንመለስባታለን።

ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ሰንጠረዡም ስለ ገበጣውም ሰፋፊ ጽሑፎች አሳትመዋል። ስለ ገበጣ የጻፉትን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል፤ ጨዋታው ከቦታ ቦታ ሕጉን ይቀያይራል፣ የጉድጓዱ ቁጥር እንኳ አንድ አይደለም። አገሩ ሁሉ አንድ ጨዋታ ይጫወታል፣ ግን እያንዳንዱ መንደር የራሱን ሕግ ያወጣል። ጌም ቤትም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። ኒንተንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን ያወጣው ማሽን ቅጂዎቹ ሰፈራችን የደረሱት ብዙ ዘግይተው፣ ከዐረብ አገር በተመለሰ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው። ካሴቱ ላይ «9999 ጌም» ይላል፤ ስትከፍቱት ያው አሥራ ምናምን ጨዋታ ስሙን እየቀያየረ ይደጋገማል። ማሪዮና ኮንትራ ነበሩ ንጉሦቹ። ነገር ግን ማሽኑ የሰው ሳሎን ውስጥ ነው፤ የሰው ሳሎን ደግሞ እናት አለው። «በቃ፣ ቴሌቪዥኑ ጋለ!» ስትባሉ ያልቃል። ስለዚህ የሰፈሩን ጣዕም የሠራው ካሴቱ አይደለም።

የሠራው ፕሌይስቴሽን ቤቱ ነው። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን እ.ኤ.አ. በ2000 ነው ያወጣው። እኛ በደንብ የተዋወቅነው በኢትዮጵያ ሚሊኒየም ሰሞን፣ በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. ነበር። ቀዳማይ ወያነ ገበያ አካባቢም ሆነ ዓዲ ሓቂ ያው ነው፤ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ በር ላይ የተሰቀለ መጋረጃ፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ። ማሽኑ ኮፒ ሲዲ እንዲያነብ ቺፕ ተገጥሞለታል። ሲዲው ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ባለቤቱ መርካቶ ሄዶ ያመጣውን እንጫወታለን፣ ያላመጣውን ስሙንም አናውቅም። የጌም መጽሔት አንብቦ የመረጠ ሰው እኛ ዘንድ አልነበረም።

ክፍሏን የሚያስተዳድረው ሕግ አንድ ነው፦ ተሸናፊ ይነሳል፣ ሒሳቡንም ይከፍላል። ይህ ሕግ ከጆተኒውና ከከረምቡላው ቤት የተወረሰ ነው ባዮች ነን፤ እዚያም ተሸናፊ ነው የሚከፍለው። አሁን አስቡት። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ጌም ይኖራል? ለሁለት ሰው የሚሆን፣ በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ፣ ቆሞ የሚያየው ሰው ሳይገለጽለት የሚገባው። ኳስና ድብድብ፣ አበቃ። ዓለም ያደነቃቸው ረጃጅም ባለ ታሪክ ጌሞች ሲዲያቸው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ይቀመጥ ነበር። አርባ ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ በምን ገንዘብ ይጨረሳል? ሳን አንድሪያስ ብቻ በሰዓት ሒሳብ ተፈቅዶለት ቆየ፤ እሱንም ተልእኮውን የሚሠራ አልነበረም፣ መኪና እየሰረቁ ከፖሊስ መሮጥ ነው። ታሪኩ መጨረሻ እንዳለው ያወቅነው ጎልማሳ ከሆንን በኋላ ነው ብንል ማን ያምነናል?

ኳሱ ግን ሃይማኖት ነበር ማለት ይቻላል። የኮናሚው ዊኒንግ ኢለቨን፣ በኋላ ፔስ ያልነው፣ ነገሠ። የክለቦች ስም ፈቃድ ስላልነበረው በፔስ 5 ማንቸስተር ዩናይትድ «ማን ሬድ»፣ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ነበሩ። እኛ ያ የእንግሊዝ አገር ቅጽል ስም ይመስለን ነበር! እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ፔስ 6 ደግሞ የኢንተሩን አድሪያኖን ይዞ መጣ። የምቱ ኃይል 99 ነው። ከመሃል ሜዳ ጀምሮ መምታት ይቻላል፣ ይገባልም።

እንግዲህ የሕንጣሎው ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። በአድሪያኖ ያሸነፈ ልጅ አሸነፈ አይባልም ነበር። ከኋላ ያለው ሕዝብ ይጮኻል፦ «ወንድ ከሆንክ በሌላ ና!» አንዳንዱ ቤት ኢንተርን ጨርሶ ከለከለ። ሌላው ቤት «ኢንተርን የያዘ አንድ ጎል ይቆጠርበታል» አለ። እንደ ገበጣው ሁሉ ሰፈር በተቀየረ ቁጥር ሕግ ይቀየራል። ምክሩም አይቀርም፤ ጆይስቲኩን ከእጃችሁ ነጥቆ «ተመልከት፣ እንዲህ ነው!» የሚል ታላቅ ወንድም ሁሌም አለ። በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ የነበረው ያ እኩል የመናገር መብት እኛ ቤት ውስጥ ለሊስትሮውም፣ ለባለሥልጣኑ ልጅም ሠርቷል። አናጋንን፤ ሴት ልጅ ግን እዚያ ቤት አልነበረችም። ከአራታችን አንዷ ሴት ናት። ፔስን የተማረችው ቤት ውስጥ ከወንድሞቿ እንጂ በዚያ መጋረጃ አንድም ቀን አልፋ አይደለም፤ ስለ አግዳሚው ስንዘምር ይህን እንዳንዘለው አጥብቃ ነግራናለች።

ከዚያ ፊፋ መጣ። እውነተኛ ስም፣ እውነተኛ ማልያ፣ እውነተኛ ስታዲየም። ፔስ እጅ ላይ ይጣፍጣል፣ ፊፋ ዓይን ላይ ይጣፍጣል እያልን ዓመታት ተከራከርን። ፕሌይስቴሽን 3 እና 4 ሲገቡ ብዙው ወደ ፊፋ ሄደ። ምክንያቱም፣ እኛ እንደሚመስለን፣ ጨዋታው ስለተሻለ አይደለም፤ በዲኤስቲቪ ቅዳሜ ያየውን ቡድን እሑድ በትክክለኛ ስሙ መያዝ ስለፈለገ ነው። በ2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከተማው አብዶ ነበር። በማግስቱ ጌም ቤት ሄደን ያው ቼልሲን ያዝን። ሌላ ምን እንያዝ?

በዚያው ሰሞን ስልክ መጣ። ፍሪ ፋየር (2017 እ.ኤ.አ.) እና ፐብጂ ሞባይል (2018 እ.ኤ.አ.) አግዳሚውን ከመሠረቱ አናጉት። መቶ ሰው ለሚጫወትበት ጌም አጠገብህ ሰው አያስፈልግህም። ጠቋሚውም ተለወጠ፤ ታላቅ ወንድም ሳይሆን ስልኩ ራሱ «ይህን ሞክር» ይልሃል። አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ የተባለ ቡድን ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን ሠራ፣ ገበጣንም ወደ ስልክ አስገባ። ደስ ብሎን ነበር። እኛም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከፔስ 2021 ጋር ገና መተዋወቃችን ነበር።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ለሊት ጦርነቱ ተጀመረ። ስልክና ኢንተርኔት ጠፉ። በመካከሉ ስልክና መብራት ሄድ መጣ አሉ፤ ከሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ግን ስልኩም ባንኩም ተዘጋ፣ መብራቱም እንደነገሩ ሆነ። ስለ ረሀቡና ስለ ሞቱ እዚህ አንጽፍም፤ በጌም ወሬ መካከል የሚገባ ነገር አይደለም። ስለ ጨዋታው ብቻ እንናገር። ጌም ቤቶቹ ተዘጉ። በፀሐይ ኃይል የተሞላ ስልክ ያለው ልጅ ኢንተርኔት የማይፈልጉትን ጌሞች በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ አሻገረ፤ ሉዶ በአንድ ስልክ ለአራት ሰው ይሆናል። ስልኩ ሲዘጋ በቆርኪ ዳማ። መሬት ተቆፍሮ በጠጠር ገበጣ። ሰው እንደገና ዙሪያውን ቆመ፣ እንደገና ጮኸ። ይህን «መልካም አጋጣሚ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ካለ እኛ አይደለንም። ሌላ የሚደረግ ነገር ስላልነበረ ነው።

ዓለም አልጠበቀንም። ኮናሚ ፔስ የሚለውን ስም ጥሎ በመስከረም 2014 ዓ.ም. «ኢፉትቦል» ብሎ በነፃ አወጣው፤ የተጫዋቾቹ ፊት ተጣሞ ዓለም ሲስቅበት እኛ አልሰማንም። ያ የምናውቀው ፊፋም በዚህ ስሙ ለመጨረሻ ጊዜ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ወጣ። ያንንም አልሰማንም። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፣ ኅዳር 27 ቀን መቐለ ከብሔራዊው የመብራት መስመር ጋር ተገናኘች፣ ታኅሣሥ 19 ቀን አውሮፕላን ገባ። ስልኩም በዚያው ሰሞን ተለቀቀ። ከእኛ አንዱ ኢንተርኔት ባገኘ በመጀመሪያው ቀን «ፔስ 2023» ብሎ እንደፈለገ ይናገራል። የለም።

ልጁ የጠየቀንን በዚያው አልተውነውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዘነው ድሮ ወደምንሄድበት ጌም ቤት ሄድን። ክፍሏ ያቺው ናት፣ ማሽኑ ፕሌይስቴሽን 4 ነው፣ አግዳሚው ግማሽ ባዶ ነው። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከቶ ተቀመጠ። የገጠመው ከእሱ የሚያንስ የሰፈር ልጅ ሦስት ለዜሮ አሸነፈው፤ ሦስተኛው ጎል ሲገባ ከኋላችን ሁለት ሰው «ኧረ ተከላካዩን ቀይር!» እያሉ ይጮኹበት ነበር። ተነሳ። ዝርዝር ብር አልነበረውም፤ እኛም ልንከፍል ኪሳችን ስንገባ ባለቤቱ «ተዉት፣ ይልመድ» አለና ከመሳቢያው የዱቤ ደብተሩን አወጣ።

ያው ደብተር ነው። ከጦርነቱ በፊት የነበረው፣ ልባሱ በፕላስተር የተጠገነው። ወደ ኋላ ሲገልጥ የእኛን ስም አየን፤ የአንዳችን ሂሳብ አሁንም አልተሰረዘም፤ ሳቅንበት። ከእኛ በላይና በታች ያሉ አንዳንድ ስሞች ላይ መስመር ተሰምሮባቸዋል። ከፍለው እንዳልሆነ እናውቃለን። ባለቤቱ ምንም አላለም፤ ባዶ መስመር ፈልጎ የልጁን ስም ጻፈ።