የአፈር አውጪው ደመወዝ፦ ገድለ ላሊበላ፣ ሌቪንና ዩቶፒያዊ የሥራ አመራር

ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» የአማራ ግለኝነት ሰዎች ተባብረው ዘላቂ የጋራ ሥራ እንዳያቋቁሙ ያደናቅፋል ሲል ተከራክሯል። ወዳጆቹ «ጋሼ ሊበን» የሚሉት ይህ ምሁር አገሪቱን ከልቡ ይወድ እንደነበር አይካድም። ክርክሩ ግን ከመጽሐፉ ወጥቶ የመሥሪያ ቤት ወሬ ሆኗል፤ «የኛ ሰው ያለ አለቃ አይሠራም» የሚል ኃላፊ ሌቪንን ባያነበውም ሐሳቡን ይደግማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክርክሩ አንድ የላስታ ምንጭን፣ ገድለ ላሊበላን፣ ወደ ጎን በመተዉ ምን እንዳመለጠው ማሳየት ነው።

ምንጩ ስለ ፍጹም አሠሪ የሚያልም ነውና ዩቶፒያን ማንሣት ግድ ነው። ስለ ዩቶፒያ በጠቅላላው የተጻፈው ብዙ ነው፤ እዚህ ጥቂቱ ይበቃል። ሮበርት ኦወን በኒው ላናርክ የጥጥ ፋብሪካ የሠራተኛውን ኑሮ አሻሽሎ አትርፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1825 በአሜሪካ የመሠረተው ኒው ሃርመኒ ግን ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ያቀረበው ሳይንሳዊ አመራርም በራሱ መንገድ ሕልም ነበር፦ በትክክል ከተለካ ሥራ ላይ አሠሪና ሠራተኛ አይጣሉም የሚል። ከዚህ ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቤ ከሌቪን ጋር ነው። በመጀመሪያ፣ ማስረጃውን በዋናነት የሰበሰበው መንዝ ነው፤ መደምደሚያውን ግን ለአማራ ሁሉ አለበሰው። ሁለተኛ፣ የትብብር ልማዶቹን ክብደት አሳንሶ መዘነ። ደቦ አጨዳው ሲያልቅ ይበተናል፤ ይህን አልክድም። ወንፈል ግን ሌላ ነው፦ ዛሬ ለጎረቤቱ ያረሰ ሰው የዋለውን ቀን በቀን ይቀበላል፤ የቀረበትን ቀን የሚረሳ ገበሬ የለም። የጽዋ ማኅበርም የአባትን ቦታ ለልጅ እያወረሰ ይኖራል። እነዚህ ግለኝነትን የሚቃወሙ ተቋማት አይደሉም፤ ግለኛውን በሒሳብ የሚያሳምኑ ናቸው። ሌቪን ግለኝነትንና ትብብርን እንደ ሁለት ጠላቶች ስላቆማቸው ሦስተኛው ነገር፣ ማለትም አስቀድሞ የተነገረ ውል፣ አልታየውም።

ይህ ውል ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በገድለ ላሊበላ ነው። የገድሉን ዋና ክፍሎች ዡል ፔሩሾን እ.ኤ.አ. በ1892 ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አሳትሟቸዋል፤ «ሰምና ወርቅ» ከመውጣቱ 73 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሲነሣ ሁሉም የሚጠቅሰው የመላእክቱን እገዛ ነው። ከእሱ ቀድሞ የመጣውን ክፍል ግን አንባቢ ይዘለዋል። ንጉሥ ላሊበላ መሣሪያ አሠርቶና ሠራተኛ ሰብስቦ በመጀመሪያ የጠየቀው እያንዳንዱ የሚፈልገውን ደመወዝ በገዛ አፉ እንዲናገር ነው፤ ኋላ ያለ ፈቃዳችን አሠራን ብለው እንዳያጉረመርሙ። የተናገሩትንም ሳያጓድል እስከ ፍጻሜው ከፍሏል ይላል ገድሉ። ደመወዝተኞቹን ሲዘረዝርም ድንጋይ ወቃሪውንና አስተካካዩን ብቻ ሳይሆን አፈር አውጪውንም ይቆጥራል።

የመጨረሻው ቃል በሥራ አመራር ታሪክ ውስጥ ሊጠና የሚገባው ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ከመሬት ወለል ወደ 12 ሜትር ገደማ ወርዶ የተፈለፈለ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲወቀር ጠራቢው በየቀኑ የሚረግጠው የትናንቱን ፍርስራሽ ነው፤ እሱ ካልተጠረገ የዛሬ ሥራ አይጀመርም፤ በስሕተት የተቆረጠ ዐለትም ተመልሶ አይለጠፍም። ስለዚህ ቅርጫት ተሸካሚው ቢያኮርፍ ጠቢቡም ሥራ ይፈታል። የገድሉ ጸሐፊ ይህን ያወቀ ሰው ነው። ሕልሙ አዲሲቱ ኢየሩሳሌም ናት፤ ዮርዳኖስም ጎልጎታም በሮሃ፣ ማለትም በላሊበላ፣ ስም ወጥቶላቸዋል። ሕልሙን መሬት ላይ ያቆመው ግን የደመወዙ ውል ነው።

ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ገድሉ ከንጉሡ ዘመን ቢያንስ 200 ዓመት ዘግይቶ የተጻፈ ነው ይባላል፤ ይሁን። የምንመረምረው ዩቶፒያዊ ሐሳብን ከሆነ፣ ጸሐፊው ፍጹም ብሎ የገመተው አሠሪ ሠራተኛውን የሚጠይቅ አሠሪ መሆኑ ራሱ ማስረጃ ነው። ዴቪድ ፊሊፕሰንና ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች ሥራው በአንድ ንጉሥ ዘመን ሳይሆን በተለያዩ ምዕራፎች የተከናወነ ነው ማለታቸውም ክርክሬን አይነካውም፤ እንዲያውም ተመራማሪዎች የተጣለውን የአፈርና የድንጋይ ክምር ለብቻው ማጥናታቸው የአፈር አውጪውን ድርሻ ያጎላል። የገድሉ ንጉሥ ራሱ አለቃ ስለሆነ ይህ የሌቪንን «በአለቃ ሥር ብቻ» ያረጋግጣል የሚል ካለ፣ ሠራተኛውን «ስንት ትፈልጋለህ?» የሚል አለቃ «ሰምና ወርቅ» ውስጥ የት እንዳለ ያሳየን።

አደጋውም እዚያው ገድል ውስጥ አለ። መላእክቱ ቀን ከሰዎቹ ጋር፣ ሌሊት ደግሞ ብቻቸውን ይሠሩ ነበር፤ ሠራተኞቹ ማታ የተዉት ጠዋት በዝቶ ይጠብቃቸው ነበር። እምነቱን ለመንካት አይደለም፤ አመራር የሚያጠና ሰው ግን የሌሊቱ ፈረቃ ደመወዝ መዝገብ ላይ እንደሌለ ልብ ይላል። ሕልመኛ ድርጅት ሁሉ እንዲህ ያለ ሌሊት አለው፦ ከፍቅር፣ ከዓላማ ወይም ከአገር የተነሣ የሚሠራና የማይቆጠር ድካም። የዘመኑ ሥራ አስኪያጅ «ቤተሰብ ነን» ሲል የሚያወራው ብዙ ጊዜ ስለዚያ ሌሊት ነው።

ከላስታ ወደ ምዕራብ፣ በፎገራ፣ አውራ አምባ የተባለው ማኅበረሰብ ይህን የማይቆጠር ድካም በሌላ መንገድ ይፈትሻል። ዙምራ ኑሩ ማኅበረሰቡን የመሠረቱት በ1964 ዓ.ም. ነው። የወንድና የሴት ሥራ አይለይም፤ መሬት ስላነሰው በሽመና፣ በወፍጮና በንግድ ይተዳደራል፤ የዓመቱን ትርፍ አባላቱ እኩል ይካፈላሉ። ተመራማሪው ሮቤር ዡማር ይህን ዩቶፒያዊ ሶሻሊዝም ብሎታል። ስያሜው ባይከፋም የእኔን ዓይን የሚስበው ሌላ ነው፦ ለአረጋውያንና ለሕሙማን ከሳምንቱ አንድ ቀን ተለይቶ ይሠራል። ልግስናው ራሱ ቀን ተቆርጦለታል፤ ወሰን የሌለው የሌሊት ሥራ አልሆነም። ሌቪን ትችላላችሁ ብሎ ያልገመተው ሕዝብ በዚህ ሥርዓት ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቷል። እርግጥ አንድ መንደር ለክልል ማስረጃ አይሆንም፤ መንዝም እንደዚያው ነበር።

ወደ ላሊበላ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጠናቀቁት አራት መጠለያዎች አምስት አብያተ ክርስቲያናትን ከዝናብና ከፀሐይ እንዲጋርዱ የታሰቡ ናቸው። በወረቀት ላይ እንከን የለሽ ሕልም ነበሩ፤ ጊዜያዊም ተብለው ነበር። ካህናቱና ነዋሪው ግን ግዙፎቹ የብረት ምሰሶዎች ቅርሱን ይጎዱታል፣ ሊወድቁበትም ይችላሉ ብለው ሠግተዋል፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያም ለቅርሱ ድረሱልን ብለው አደባባይ ወጥተዋል። ገድሉ የሠራተኛውን ቃል ከመጀመሪያው ድንጋይ በፊት ሲያስቀምጠው፣ እዚህ የነዋሪው ቃል አገር የሰማው ሥራው ካለቀ ከ10 ዓመት በኋላ ነው።