ከአንኮበር እስከ ሳሎናችን፦ የልጅን ትምህርት ማን ይምረጥ?

አምና ልጃችንን ያስተማርነው እቤት ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ጣት በሚያደነዝዘው ጠዋት፣ ጋቢ ተከናንቦ ሳሎን ይቀመጣል፤ እኛም ተራ እየገባን የኔታ እንሆናለን። ፈረንጆቹ ነገሩን «ሆምስኩል» ይሉታል። ስንጀምር እኛም የሠለጠነ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ለሸዋ አዲስ ነገር እንዳላመጣን ገባን። የተጨቃጨቅንበት ጉዳይ ሁሉ ከ180 ዓመት በፊት፣ ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው አንኮበር፣ ሰው ተጨቃጭቆበታል።

ጭቅጭቁ የመጽሐፍ ምርጫ ነው። ጠረጴዛችን ላይ ሦስት ክምር ነበረ። አንደኛው በ2015 ዓ.ም ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጀ የመንግሥት መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ከውጭ የመጣ የእንግሊዝኛና የሒሳብ መጽሐፍ። ሦስተኛው ከአያት ሣጥን የወጣ፦ አንድ ዳዊትና የመንዙ ተወላጅ ከበደ ሚካኤል የጻፉት፣ ስንት ትውልድ ማንበብ የለመደበት «ታሪክና ምሳሌ»። አያትየው «መጀመሪያ ዳዊት ይድገም» አሉ። አጎት «ኮምፒውተር ካልሆነ ዋጋ የለውም» አለ። እኛ መሐል ቆመን ቀረን።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። በዚያ ዘመን የሸዋ ልጅ ትምህርት የታወቀ መንገድ ነበረው። ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳ ይላል፤ በመልእክተ ዮሐንስ ንባብ ይለማመዳል፤ ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ ይሻገራል። መጨረሻ ላይ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይደግምና ቤተሰቡ ይደግስለታል። መኳንንቱ ቄስ ወይም ደብተራ እቤታቸው አስቀምጠው ልጆቻቸውን ያስተምሩ ነበር። ሆምስኩል ማለት ይኸው አይደለም?

እ.ኤ.አ. በ1839 ኢዘንበርግና ክራፕፍ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሚስዮናውያን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር መጡ። የላካቸው የእንግሊዝ ሚስዮን ማኅበር ነው። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ሲመለስ ክራፕፍ እስከ 1842 ቆየ፤ ጥቂት ልጆችም ሰብስቦ አስተማረ። የሁለቱ ሐሳብ መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ማስነበብ፣ ጂኦግራፊና የዓለም ታሪክ ማስተማር ነበር። ንጉሡ ደግሞ ሌላ ነው የፈለጉት። ሐኪም፣ ግንበኛ፣ አንጥረኛ፣ ከሁሉ በላይ ጠመንጃ። ካህናቱ በበኩላቸው በልጆቹ ሃይማኖት ላይ የፈረንጅ እጅ እንዲገባ አልፈለጉም።

እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሦስት ክምር መጽሐፍ አንኮበርም ላይ ነበረ ማለት ነው። እምነት የሚል፣ እጅ ሥራ የሚል፣ የዓለም ዕውቀት የሚል። ሦስቱም እውነት አላቸው። ሦስቱም ግን ልጁን ሳይሆን የራሳቸውን ጉድለት ነው ያዩት።

ፍጻሜው ያሳዝናል። ኢዘንበርግ አውሮፓ ተመልሶ የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ ሰዋስው፣ የፊደል መጽሐፍ፣ ጂኦግራፊና የዓለም ታሪክ አዘጋጀ፤ በ1841 እና በ1842 ለንደን ላይ ታተሙ። ለአገራችን ልጅ በአገራችን ቋንቋ የተጻፈ ሙሉ ካሪኩለም ማለት ይቻላል። በ1842 ግን ሚስዮናውያኑ ዳግመኛ ሸዋ እንዳይገቡ ተከለከሉ። መጽሐፍ ተገኘ፣ ተማሪ ጠፋ። ከባለቤቱ ሳይመክር የመጣ ትምህርት፣ ምንም ያማረ ቢሆን፣ ደጃፍ ላይ ይቀራል።

የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ ተወለዱ። እሳቸውም ትምህርት ቤት ለመክፈት ሲነሡ ያው ጭቅጭቅ ጠበቃቸው። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ሠጉ። መፍትሔው መደራደር ሆነ፤ መምህራኑ ከግብፅ ኮፕት ክርስቲያኖች መጡ፣ ሥጋቱም ረገበ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም በ1901 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ከአንኮበሩ ሙከራ ወዲህ 70 ዓመት ገደማ አልፎ መሆኑ ነው። ያሸነፈ የለም፤ ተስማምተው ነው የከፈቱት።

እኛም ተደራደርን። ጠዋት የመንግሥቱ መጽሐፍ፣ ከሰዓት እንግሊዝኛ፣ ማታ ከአያት ጋር ንባብ። ኮምፒውተሩ ለቅዳሜ ተቀጠረ። ሰላም ወረደ አልን። ልጁም ጎበዘ፤ ማባዣውን ጨረሰ፣ ንባቡም ቀና። አንድ ቀን ግን ማካፈል ላይ ተሳሳተና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሁልጊዜ የምሳሳተው እኔ ብቻ ነኝ» አለ።

እውነቱን ነው። በዚያ ቤት የማያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ያኔ ነው የድሮውን የኔታ ቤት እንደገና ያየነው። እኛ የጓጓነው ለመጽሐፉ ዝርዝር ነበር። የኔታ ግን ሁሉን ልጅ ብቻቸውን አያስተምሩም፤ ዳዊት የደረሰው የፊደሉን ተማሪ ያስቆጥረዋል። የክፍል ወለፈንድ የለም፤ ፈጣኑ ይሮጣል፣ ዘገምተኛው ይደርሳል፣ ግን ሁሉም አንድ ዛፍ ሥር ነው። ጉድለቱን አንደብቅም፤ ትርጉሙን ሳያውቅ የሸመደደው ብዙ ነው፣ አርጩሜም ነበረ፣ ሴቶች ልጆችም ብዙውን ጊዜ ከዛፉ ሥር አልነበሩም። ሆኖም ልጅ ብቻውን አይሳሳትም ነበር።

ይህ ጉዳይ የኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት የአገሩ ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በግጭቱ የተነሣ በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ለነሱ እቤት መዋል ምርጫ አይደለም፤ ሦስት ክምርም፣ ተራ የሚገባ አስተማሪም የላቸውም። መጽሐፍ ገዝቶ ልጁን እቤት ማስተማር የቻለ ሰው ይህን ረስቶ በምርጫው ቢኮራ ነውር ነው። የድሮ መኳንንት ደብተራ ሲቀጥሩ የጎረቤት ገበሬ ልጅ ከብት ይጠብቅ ነበር።

ስለዚህ ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው በሩን ከፈትነው። ከዘመድ ቤት ተጠግተው የተቀመጡ ሁለት የጎረቤት ልጆች ገቡ፤ በኋላ አራት ሆኑ። ለአንድ ልጅ የገዛናት ሰሌዳ ለአምስት ዋለች። የኛው ልጅ ታናሺቱን ማባዣ ያስቆጥራታል፤ ትልቁ ልጅ ደግሞ ማካፈሉን ለሱ ያሳየዋል። ሁለቱም እየተሳሳቱ ይሳሳቃሉ።

«የትኛውን ካሪኩለም መረጣችሁ?» የሚሉን ወዳጆች አሉ። ከሦስቱም ቀነጫጭበናል፤ ዝርዝሩን እንነግራችኋለን። ከገበያ የማይገዛውን ግን አስቀድማችሁ ፈልጉ፦ አብሮት የሚሳሳት ሌላ ልጅ። እሱም ምናልባት ከአጥራችሁ ማዶ ያለ ሥራ ቁጭ ብሏል።