የአዲስ አበባ ስታዲየም ታሪክና አገልግሎት

ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርባችሁ እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ። የዛሬው ንግግራችን ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ስላለው ስለ አዲስ አበባ ስታዲየም ነው።

ስታዲየም ማለት ምን ማለት ነው? በመካከሉ የኳስ ሜዳ፣ በሜዳው ዙሪያ የሩጫ መም፣ ከመሙ ወዲያ ደግሞ የተመልካች መቀመጫ ያለበት ቦታ ነው። የእኛው ስታዲየም ቀድሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ይባል ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በከተማይቱ ስም ተጠራ። መቀመጫዎቹን ግን ሕዝቡ በራሱ አፍ ሰይሟቸዋል፤ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ እያለ ይጠራቸዋል።

የስታዲየሙ ትልቅ ቀን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ 3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። የተወዳደሩት 4 አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና ያኔ የተባበረው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለዋንጫ ከግብፅ ጋር ገጠመች። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ የእኛዎቹም ሁለቴ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው 30 ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አገቡና 4 ለ 2 ሆነ። የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ታዲያ ስታዲየሙ በዚያ አላበቃም። በ1960 ዓ.ም. ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫ የወሰደችው እዚሁ ነው። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ሞሮኮ ከጊኒ 1 ለ 1 ወጥታ ዋንጫውን ይዛ ሄደች። በ2000 ዓ.ም. የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ተደረገበት። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሱዳንን 2 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች፤ ያን ቀን ያለቀሰው ሰው ብዙ ነው። የግድግዳው ሥር የስፖርት ዕቃ ሱቆችና ቡና ቤቶችም ስንቱን ሰው አኑረዋል!

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ጨዋታው የተደረገው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ከተማ ነው። ለምን? በዚያ ጊዜ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን ደረጃ ያሟላ ሜዳ በአገራችን ስላልነበረ ነው። ሦስት የአፍሪካ ዋንጫ ያስተናገደች አገር በሰው ደጅ እንግዳ ተቀባይ ሆነች። ካታንጋ ተቀምጦ ሊጨፍር ይገባው የነበረው ሰው ድሉን ከሩቅ ሰማ።

ቤት ተሠርቶ ብቻ አይኖርም። ጣሪያው ካልታደሰ ያፈሳል። ስታዲየምም እንደዚያው ነው፤ ሣሩ፣ መብራቱ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ የተጫዋቾች መልበሻው በየጊዜው ጠባቂ ይፈልጋል። ይህ የሹማምንት ሥራ ነው፤ ወንበር የማይሰብር፣ ቆሻሻ የማይጥል ተመልካችም ድርሻ አለው።

በሉ እንግዲህ፣ እነዚህን ሦስት ቃላት ጻፉ፤ ሜዳ፣ ዋንጫ፣ ጥገና። ቀጥሎ ከ2014 ላይ 1954ን ቀንሱ። መልሱ ስንት ዓመት መጣ? በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ምን መሥራት እንደነበረብን ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩበት።