አርፒኤም ምን ይቆጥራል?

የጋራዥ ቋንቋችንን ልብ ብላችሁ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ... ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ጣሊያን እሱ ሲሄድ ቃላቱ ቀሩ። ካንዴላ በእነሱ አፍ ሻማ ማለት ነው። አርፒኤም ግን የእንግሊዝኛ ምህጻር ነው፤ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር የሚነግረን ሰዓት። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ እንግዳ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያለጥፋቱ ነው የሚጥለው።

እስቲ አርሲ ነገሌ እንሂድ። ከአዲስ አበባ ወደ ሀዋሳ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከላንጋኖ አልፋችሁ ሻሸመኔ ሳትደርሱ ማለት ነው። እንበልና አንድ ልጅ አሮጌ ሞተር ሳይክሉ ላይ ከገበያ የገዛውን አርፒኤም አስገጠመ። ቀስቱ አንዴ ይዘላል፣ አንዴ ይተኛል። ሞተር ሳይክሉ ቆሞ በሚኒሞ እየሰራ 2,800 ያሳያል። "እቃው ፎርጅድ ነው፣ ሌላ ግዛ" ይሉታል። ይገዛል። አዲሱም ያው! ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው። ዲትሪሽ ኡልሆርን የተባለ ጀርመናዊ በ1817 እ.ኤ.አ. የሰራው መሳሪያ የሚለካው በመሽከርከር ኃይል ነበር፤ ነገሩ በፈጠነ ቁጥር ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ይጨምራል። በ1902 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኦቶ ሹልዘ በርሊን ላይ በማግኔት የሚሰራ የፍጥነት መለኪያ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። የድሮ ሞተር ሳይክሎች አርፒኤምም በዚሁ ዘዴ ይሰራል፦ ከሞተሩ የሚወጣ ኬብል ማግኔት ያሽከረክራል፣ ማግኔቱ የአሉሚኒየም ቆብ ይጎትታል፣ ቀጭን ሞላ ደግሞ ቆቡን ይይዘዋል። ቀስቱ ከተወዛወዘ ኬብሉ ግራሶ አጥቷል ወይም ሊበጠስ ነው። ችግሩ በእጅ ይዳሰሳል።

ዛሬ ከገበያ የሚገዛው ግን ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሮኒክ ነው። ይህ ደግሞ ዙር አይቆጥርም። የሚቆጥረው የካንዴላ እሳት ነው! ዙሩን የሚያገኘው ከዚያ አስልቶ ነው።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ቱ ስትሮክ ሞተር በየዙሩ አንዴ እሳት ይሰጣል። ፎር ስትሮክ የሚያስፈልገው በሁለት ዙር አንዴ ነው። ነገር ግን ብዙ ባለ አንድ ፒስተን ፎር ስትሮኮችም በየዙሩ ይሰጣሉ፤ አንዱ እሳት ጭሱ በሚወጣበት ሰዓት በከንቱ ይባክናል። አርፒኤሙ "በሁለት ዙር አንድ እሳት" ተብሎ ከተሞላ፣ 1,400 የሚዞረውን ሞተር 2,800 ይለዋል። በተቃራኒው ከተሞላ ደግሞ ግማሹን ብቻ ያሳያል። ሰዓቱ አልዋሸም፤ የታዘዘውን ቆጠረ። ስለዚህ ንባቡ ልክ እጥፍ ወይም ልክ ግማሽ ከሆነ እቃውን ሳይሆን አሞላሉን ቀይሩ፤ ብዙዎቹ ላይ ማስተካከያ አለ።

የሚዘለውስ? መጀመሪያ ቴስተር ያዙ። ባለ 12 ቮልት ሞተር ሳይክል ጤነኛ ከሆነ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ገደማ ይነበባል። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩን ጠርጥሩ። አንዳንድ አሮጌዎች ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የፊት መብራቱ ከባትሪ ሳይሆን በቀጥታ ከማግኔቶ ነው የሚበራው። ከዚያ መስመር የተጠለፈ አርፒኤም እንዴት ይረጋጋ? ቀጥሎ ኔጋቲቩን እዩ፤ ዝገትና ቀለም ላይ የታሰረ ሽቦ ኔጋቲቭ አይባልም። በመጨረሻ የምልክት ሽቦው ከካንዴላው ኬብል ጋር ተጠምዝዞ እንዳይሄድ አርቁት፤ የእሳቱ ጩኸት ሌላ እሳት መስሎት ይቆጥረዋል። ባለ ሬዚስተር የካንዴላ ቆብም ይረዳል።

"ምን አገባን፣ ጆሯችን አለ" የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ጥሩ መካኒክ ሞተሩን በጆሮው ያውቀዋል። ችግሩ ጆሮውን ትቶ ቀስቱን ሲያምን ነው። 2,800 አየሁ ብሎ ሚኒሞውን ዝቅ ያደርጋል። ልጁ ፍሬን ይዞ ነዳጅ ሲለቅ ሞተሩ ይጠፋል፤ ያውም የጭነት መኪና ከኋላው በሚከተልበት አስፋልት ላይ። የተሳሳተ ቁጥር ከሌለ ቁጥር ይብሳል።

እና ወዳጆቼ፣ ሁለተኛውን አርፒኤም ከመግዛታችሁ በፊት የመጀመሪያውን ምን እየቆጠርክ ነው በሉት።

ቸር እንሰንብት!