ቀላል መኪና ወይስ ጠንካራ መኪና? የሎተስ 25 ታሪክ እና የቻፕማን ሂሳብ

የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ክብደት ነው። ግራም የሚቆጥር፣ ከመኪናው ላይ አንድ ነገር ሳይቀንስ የማያድር ሰው ይባላል። ውሸት አይደለም፣ ግን ታሪኩ በግማሽ ቀርቷል። ሰውየው ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተማረው የስትራክቸር ምህንድስና ነው፤ የሚያስጨንቀውም ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ የት ቢቀመጥ ዋጋ ያወጣል የሚለው ነበር።

መጀመሪያ ችግሩን እንየው። መኪና በፍጥነት ኩርባ ሲገባ ሻንሲው እንደሚጨመቅ እርጥብ ልብስ ይጠመዘዛል፤ ፊቱ ወዲህ፣ ኋላው ወዲያ። መካኒኩ የፊቱን ሞላ አጠንክሮ የኋላውን አለስልሶ መኪናውን ላስተካክል ቢል፣ የሚልፈሰፈስ ሻንሲ መሃል ላይ ልፋቱን ይውጥበታል። ሻንሲው ራሱ አምስተኛ ሞላ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም አሞርዛተር የሌለው። መፍትሔው ብረት መጨመር ይመስላል። ግን የተጨመረው ኪሎ ሁሉ ሲነሱም፣ ፍሬን ሲይዙም፣ ኩርባ ላይም አብሮ ይጓዛል።

በ1950ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የዚህ መልስ የቀጫጭን ቱቦ ፍሬም ነበር። የ1952ቱ መርሴዲስ 300 ኤስኤል ፍሬም 50 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር የሚመዝነው። እንዳይጠመዘዝ ቱቦዎቹ በጎን በኩል ከፍ ብለው ማለፍ ስለነበረባቸው ለተራ በር ቦታ ጠፋ፤ ያ ዝነኛ ወደ ላይ የሚከፈት በር የመጣው ለውበት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። ማሴራቲ ደግሞ 200 ያህል ትናንሽ ቱቦዎችን በያይዞ መኪና ሠራ፣ ሰዉም «የወፍ ቀፎ» አለው።

ቻፕማን በ1962 ቱቦውን ትቶ ወደ ላሜራ ሄደ። እስቲ የጫማ ካርቶን ያዙና ክዳኑን አንሥታችሁ ጠምዝዙት፣ ይታዘዛል። ክዳኑን አጥብቃችሁ ብትለጥፉበት ግን እንቢ ይላል። የተጨመረው ክብደት ኢምንት ነው። ሂሳቡም ይህንኑ ይናገራል፦ የአንድን ቱቦ ዲያሜትር እጥፍ አድርጋችሁ የግድግዳውን ውፍረት በግማሽ ብትቀንሱ ክብደቱ ያው ነው፣ መጠምዘዝን የመቋቋም አቅሙ ግን 4 እጥፍ ይሆናል። ሎተስ 25 በሾፌሩ ግራና ቀኝ የሚሄዱ ከአሉሚኒየም ላሜራ የተሠሩ ሁለት ሰፋፊ ሣጥኖች ነበሩት፤ ነዳጁ በውስጣቸው በጎማ ከረጢት ይቀመጣል፣ ሾፌሩ መሃል ላይ ሊተኛ ምንም አይቀረውም። በዚያው ዓመት ከተሠራው ባለቱቦው ሎተስ 24 ጋር ሲነጻጸር ሻንሲው 3 እጥፍ ያህል ጠንካራ፣ ክብደቱ ግን ግማሽ ገደማ ነበር። ሻንሲው ከጠነከረ ደግሞ ሞላውን ማለስለስ ይቻላል፣ ጎማውም ከአስፋልቱ አይለይም።

የሚያስቀው፣ ወይም የሚያናድደው፣ ሌሎች ቡድኖች ገንዘባቸውን ከፍለው 24ን ገዝተው ነበር። ዛንድቮርት ላይ ጂም ክላርክ በ25 ብቅ ሲል የገዙት መኪና አሮጌ ሆኖ አገኙት።

የዚያን ዓመት ዋንጫ ክላርክ አላገኘም። ደቡብ አፍሪካ፣ ኢስት ለንደን ላይ እየመራ ሳለ አንዲት ቡሎን ወልቃ ዘይቱ ፈሰሰ። በ1963 ግን ከ10 ውድድር 7ቱን አሸነፈ።

ታዲያ ጥንካሬ ሁሉን ያሸንፋል? እዚህ ጋ ነው ብዙዎች የሚዘሉት ምዕራፍ። ጃክ ብራብሃም በ1962 24ን ከነዱት አንዱ ነበር። ከዚያ የራሱን መኪና ከሮን ታውራናክ ጋር ሲሠራ ግን ቱቦውን አልተወም። ቱቦ ቢጎብጥ ተቆርጦ ይበየዳል፣ የተጨማደደ ላሜራ ግን ሌላ ጣጣ ነው። በዚያ «አሮጌ» ሻንሲ ብራብሃም በ1966፣ የቡድን ጓደኛው ዴኒ ሃልም በ1967 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ቀላልና የማይሰበር ሞተራቸው እንደረዳቸው አይካድም። በ1967 ክላርክ 4 ውድድር አሸንፎ ሳለ ዋንጫውን የወሰደው 2 ብቻ ያሸነፈው ሃልም ነው። በእኔ አስተያየት ታውራናክ የገባው ይህ ነው፦ ሻንሲው ከሞላዎቹ አንጻር በበቂ እጥፍ ከጠነከረ በኋላ የሚጨመረው ጥንካሬ ሰዓቱ ላይ ብዙም አይታይም። ውድድሩን መጨረስ ግን ሁልጊዜ ይታያል።

የቻፕማን ሂሳብ ሌላም ጎን አለው። በ1969 ባርሴሎና ላይ የሁለቱም ሎተሶች ረጃጅም ክንፎች ተሰብረው ግራሃም ሂል እና ዮኸን ሪንት ተጋጩ። ሪንት ስለ መኪኖቹ መሰባበር ለቻፕማን ደብዳቤ ጻፈለት። በቀጣዩ ዓመት ሞንዛ ላይ የሎተስ 72 የፊት ፍሬን ዘንግ ተሰብሮ ሞተ። በደንብ ያልተተከለው የመንገድ አጥርም ለሞቱ ድርሻ ነበረው። የዓመቱን ሻምፒዮንነት ያገኘው ከሞተ በኋላ ነው። ሣጥኑን ያን ያህል በብልሃት ያሰላ ሰው፣ በትንንሾቹ እቃዎች ላይ የሾፌሩን ነፍስ በግራም ይመነዝር ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

በ1981 ማክላረን በጆን ባርናርድ ንድፍ ሣጥኑን ከካርቦን ፋይበር ሠራው፤ ከአሉሚኒየሙ የቀለለም የጠነከረም ሆነ። ነገሩን የተጠራጠሩት ሲጋጭ ይፈረካከሳል ይሉ ነበር። በዚያው ዓመት ሞንዛ ላይ ጆን ዋትሰን በኋላው ተጋጨና ሞተሩ ተገንጥሎ ሄደ። ዋትሰን ከሣጥኑ ወጥቶ በእግሩ ሄደ።