ጉባኤ ቃናና የጋዜጣ እንቆቅልሽ

ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት የዕለቱን የቃላት እንቆቅልሽ ሲሞላ አእምሮውን እያሟሟቀ ነው ወይስ ከሥራው እየሸሸ? ክርክሩ አዲስ አይደለም። አርተር ዊን በሣጥን የሚሞላውን እንቆቅልሽ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 በኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ አወጣ። ኒውዮርክ ታይምስ በ1924 ጊዜ ማባከኛ ነው ብሎ ነቀፈው፤ በ1942 ግን ራሱም ማተም ጀመረ።

የእኛ ቅኔ ቤቶች ነገሩን በሌላ መንገድ ይዘውታል። የዋድላም ሆነ የዋሸራ ወይም የጎንጅ ተማሪ በግዕዝ ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ቀስ በቀስ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ቅኔ ሊቆጥር ከጓደኞቹ ተለይቶ ጸጥ ካለ ሥፍራ ይቀመጣል። ከሩቅ ያየው ሥራ ፈት ይለው ይሆናል። ነገር ግን የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የትናንቱን መድገም ደግሞ ነውር ነው። የጋዜጣ አንባቢ ሌላው የሸሸገውን ቃል ሲፈልግ፣ የቅኔ ተማሪ ግን ወርቁን በሰም የሚሸሽገው ራሱ ነው።

ስለዚህ በድርሰት ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቻችን እንቆቅልሽ ከሚፈቱ፣ ሰምና ወርቅ ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ቢሠሩ እንመርጣለን። ተማሪ በበዛበት ክፍል እርማቱ ይከብዳል፤ በየቀኑ የአምስት ተማሪዎችን ማየት ግን ይቻላል።