ፈዳን፦ ከበሬ ቀንበር እስከ መሬት ልክ

ዛሬ የምናነበው አንድ ቃል ብቻ ነው። የዐረብ ገበሬ ቃል ነው፤ «ፈዳን» ይባላል። «ዳ» ጠብቆ ይነበባል።

በግብፅና በሱዳን መሬት የሚለካው በፈዳን ነው። አንድ ፈዳን 4,200 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። ጥንት ግን ፈዳን መሬት አልነበረም። ኢብን መንዙር የተባሉ ሊቅ በ1290 በአውሮፓ አቆጣጠር «ሊሳን አል ዐረብ» የተባለውን ትልቅ መዝገበ ቃላት ጨረሱ። እዚያ ላይ ፈዳን ማለት የሚያርሱ በሬዎች፣ ወይም ሁለት በሬ አጣምሮ የሚይዝ የእርሻ ዕቃ ነው ይላል።

ቃሉ ለዐረብኛ እንግዳ ነው። የመጣው ከጎረቤቱ ከአራማይክ ቋንቋ ነው። እነሱ «ፓዳና» ይሉ ነበር። ዐረብኛ «ፐ» የሚል ድምፅ ስለሌለው «ፈ» ብሎ ተቀበለው።

ታዲያ በሬው እንዴት መሬት ሆነ? ሩቅ አንሂድ። እኛ «ጥማድ» ስንል ሁለት የተጠመዱ በሬዎች ማለታችን ነው። «አንድ ጥማድ መሬት አለኝ» ስንል ግን ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። ፈዳንም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን ሰዋስውን እንይ። አንዱ «ፈዳን» ነው። ሁለት ሲሆን «ሁለት» ማለት አያስፈልግም፤ መጨረሻው ተለውጦ «ፈዳነይን» ይባላል። ሲበዛ «ፈዳዲን» ይሆናል፤ ቃሉ ከውስጡ ይለወጣል። እኛም ከግዕዝ ወስደን «ድንግል» ሲበዛ «ደናግል»፣ «ኮከብ» ሲበዛ «ከዋክብት» እንል የለም?

ነገሩ ግን የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቀድሞ በግብፅ አንድ ፈዳን 400 ካሬ ቀሰባ ነበር። ቀሰባ መሬት የሚለካበት ዘንግ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በመሐመድ ዓሊ ዘመን፣ ፈዳን ወደ 333 ከሲሶ ካሬ ቀሰባ ወረደ። ግብር ደግሞ የሚቆጠረው በፈዳን ነው። እስቲ አስቡት። 1,200 ካሬ ቀሰባ ያለው ገበሬ ትናንት 3 ፈዳን ነበረው። ማሳው አንዲት ስንዝር ሳትጨምር ከ3 ተኩል ፈዳን በላይ ሆነች! ቃሉ ያው ነው፤ ልኩ ግን ሌላ ነው። ማንበብና ማስላት የማይችል ሰው ይህን እንዴት ይከራከራል?

በ1952 በአውሮፓ አቆጣጠር የግብፅ መንግሥት አንድ ባለመሬት ከ200 ፈዳን በላይ እንዳይዝ በሕግ ወሰነ። ከተረፈው ላይ ለገበሬው ከ2 እስከ 5 ፈዳን እንዲታደል ታዘዘ። ያን ጊዜ «ፈዳነይን» የምትለው ትንሽ ቃል ለአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነበረች።

እንግዲህ ቃል ሲነበብ ልኩም ይጠየቅ። ደብተራችሁን አውጡና «ጥማድ» ብላችሁ ጻፉ። በእናንተ አገር አንድ ጥማድ ስንት ካሬ ሜትር እንደሆነ ጠይቁና ቁጥሩን ከጎኑ አስፍሩ። ደህና ሁኑ።